ማንኮራፋቱ የቆመባት መስመር

ተወልጄ ያደግኩት አንኮበር ነው፣ የገደል አፋፍ አገር ነው፣ ሰው ሰብሰብ ካለ ከገደሉ ሥር ስለሚጣራ ድምፅና ስለ ሙት መንፈስ የማያወራ የለም፣ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ «ነፋስ ነው» ባይ ነበርኩ፣ ዘመዶቼም «ተክሌ ልቡ ደረቅ ነው» ብለው ትተውኛል። ዛሬም ሰው ሞቶ ይመለሳል ብዬ አላምንም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ቀጥሎ የማወራውን ስትሰሙ ሽማግሌው ቃዠ እንዳትሉኝ ነው።

ሥራዬ እዚህ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነው፣ የሒሳብ ክፍሉ ጽዳትና ተላላኪ ነኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መምህራኑ ሴሚናር የሚሉት ስብሰባ አላቸው፣ አንዱ ተነስቶ የደረሰበትን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ የቀሩት ይሰሙታል፣ ይሟገቱታል። እኔ ሰሌዳውን አጸዳለሁ፣ ወንበር እደረድራለሁ፣ ሻይ በፔርሙስ አመጣለሁ። የሚጻፈው እንኳን ሊገባኝ የቱ ፊደል የቱ ቁጥር እንደሆነም አልለይም፣ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።

ዶክተር አጥናፉ የሚባሉ አንጋፋ መምህር ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። መስኮቱ ሥር ካለችው የእንጨት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ የዚህችን ከተማ የሱፍ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፣ ከዚያ ሴሚናሩ ገና ሳይሞቅ ማንኮራፋት ይጀምራሉ። እንግዳ ሰው ይደነግጣል፣ የቤቱ ሰው ግን ደስ ይለዋል። ለምን ብትሉ፣ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ልክ እስከሆነ ድረስ ያንኮራፋሉ፣ አንዲት ስህተት ብቅ ስትል ግን ማንኮራፋቱ ቀጥ ይላል። ተኝተው እንዴት እንደሚያውቁት እኔንጃ፣ እመኑኝ፣ ዓይናቸውን እንኳ አይገልጡም። ያን ጊዜ የሚጽፈው ሰው ጠመኔውን አስቀምጦ ስህተቱን መፈለግ ነው፣ ደግሞም ያገኘዋል። ሴሚናሩ በሰላም ካለቀ ነቅተው፣ እኔ መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀመጥኩላቸውን ስኳር የሌለው ሻይ ጭልጥ ያደርጉታል። ስህተት የተገኘ ቀን ግን ሻዩን ሳይነኩ ውልቅ ነው።

ባለፈው ክረምት አረፉ። ባለቤታቸው «ብርድ ልብሱ እዚያው ይሁን፣ ቤት ሳየው ያስለቅሰኛል» ስላሉ አጣጥፌ ወንበሯ ላይ አኖርኩት፣ ማንም አትቀመጡ ሳይል የሚቀመጥባት ጠፋ።

ፅጌ የምትባል ወጣት መምህርት አለች፣ የሰላ ድንጋይ ልጅ ናት፣ የእሳቸው ተማሪ ነበረች። ዓመታት የለፋችበትን አንድ ሥራ ጨርሳ ቅዳሜ አዲስ አበባ፣ ትልልቅ ምሁራን ፊት ልታቀርብ ነበር፣ ከተቀበሏት ውጭ አገር ሄዳ ዶክተር የምትሆንበትን ዕድል ይሰጧታል፣ ካልተቀበሏት ዕድሉ ለሌላ ሰው ያልፋል። መጀመሪያ ሐሙስ ዕለት በእኛው ሴሚናር ልትሞክረው ተነሳች።

የዚያን ቀን ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ አልገለጠም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብራት ሄደና ክፍሉ ደብዘዝ አለ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ይጸልዩልኝ እስኪ» አለችኝ፣ ጠመኔ ሳቀብላት።

«ምን ያስፈራሻል ልጄ? ስትለፊበት የከረምሽው አይደል?»

«ዶክተር ቢኖሩ አንኮራፍተው ያሳርፉኝ ነበር።»

መምህር ብሩክ፣ ቀልደኛ ነው፣ ከኋላ ሆኖ «ከፈለግሽ እኔ አንኮራፋልሻለሁ» አላት።

«የአንተን ሚስትህ ትቻለው!» አለችው፣ ክፍሉ ሳቀ።

እሷ መጻፍ ጀመረች፣ እኔም ሻዩን እየቀዳሁ አዳረስኩ፣ እጄ የለመደውን ነው የሚሠራው፣ ልብ ስል ስኳር የሌለውን ሻይ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ባዶዋ ወንበር አጠገብ አስቀምጫለሁ። አፈርኩ፣ እንዳላነሳው ደግሞ ሰው ያየኛል ብዬ ተውኩት።

ትንሽ ቆይቶ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። እንጨት ነው፣ ብርድ ሲነካው ይጮኻል አልኩ። ቀጥሎ ግን ማንኮራፋት መጣ፣ ቀስ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ፉጨት ያለው፣ እኛ የምናውቀው። ሁሉም ዞሮ ብሩክን አየው።

«እኔ አይደለሁም! በልጆቼ!» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

የክፍሉ ኃላፊ ተነስተው መስኮቱን ከፍተው አዩ፣ ጉም ብቻ ነው። «የሆነ ግቢ ጄኔሬተር ነው፣ ቀጥዪ» አሏት። ፅጌ አልዞረችም፣ ጀርባዋን ሰጥታን ነበር፣ ግን ትከሻዋ ዘና ሲል አየሁ፣ ጠመኔዋ ፈጠነ፣ ደስ እንዳለው ሰው ነበር የምትጽፈው። ማንኮራፋቱም ከእሷ ጋር እኩል ይሄድ ነበር፣ ማንም ሻዩን አልጠጣም።

ከሰሌዳው ወገብ ዝቅ ብላ አንዲት መስመር ጽፋ ጨረሰች። ማንኮራፋቱ ቀጥ አለ።

ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ኃላፊው ተነሱ፣ ብሩክም ተነሳ፣ ያችን መስመር ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ መረመሯት፣ ጉሙ ሊጨልም እስኪል ድረስ ተጨቃጨቁባት፣ አንድም ስህተት አጡባት።

«ጄኔሬተሩ ጠፋ በቃ!» አሉ ኃላፊው። «እኛም እንዲህ የምናምን ከሆነ ተማሪውን ምን ልንለው ነው? ቅዳሜ ትሄጃለሽ።»

መብራቱ ግን ገና አልመጣም ነበር፣ በዚያ ብርድ መብራት ሳይመጣ ጄኔሬተር የሚያጠፋ ማን ነው?

ሁሉም ሲወጣ ብርጭቆ ልሰበስብ ቀረሁ፣ ፅጌም አልወጣችም።

«ጋሽዬ፣ የቀዱላቸውን አይቻለሁ» አለችኝ። «ተነክቷል?»

ብርጭቆውን አንስቼ አሳየኋት። ሙሉ ነው። የሞተ ሰው ሻይ አይጠጣም ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ፣ እኔም ያንኑ ነው የነገርኳት። እሷ ግን ብርጭቆውን አየች፣ ሰሌዳውን አየች፣ ወጣች።

ቅዳሜ ሄደች፣ ወደዱላት፣ አጨበጨቡላት፣ ዕድሉንም ሰጧት። እኛም እዚህ ዳቦ ቆርሰን ሸኘናት፣ ደስ አለን። ማንኮራፋቱ ከዚያ ወዲህ አልተሰማም፣ ኃላፊውም ነገሩን ማንሳት አይወዱም።

እኔ ግን ያን ክፍል ለብዙ ዓመት ጠርጌዋለሁ፣ የባዶ ክፍል ዝምታ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። በመስኮቱ በኩል ያለው ዝምታ የባዶ ክፍል አይደለም፣ የነቃ ሰው ዝምታ ነው። መጥረጊያዬን ይዤ ወደዚያ ስጠጋ እንደማስቸግር ሆኖ ይሰማኛል፣ ይቅርታ ብዬ ነው የማልፈው። ሐሙስ ሐሙስ ሻዩን እቀዳለሁ፣ ብሩክ አይቶኝ አያውቅም መስሎኝ ነበር፣ ለካ ብርጭቆው እንዳይወድቅ መጋረጃውን ሰብሰብ የሚያደርግልኝ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፅጌ ደወለች። ትምህርቷ ጥሩ ነው፣ አሁን የምትሠራው ሁሉ ያችን መስመር መሠረት ያደረገ እንደሆነ ነገረችኝ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ጋሽዬ፣ ማንኮራፋቱ ተመልሷል?» አለችኝ።

ተመልሷል ብላት ያን ሌሊት በሰላም በተኛች፣ አፌ ግን እንቢ አለኝ። «አልተመለሰም ልጄ።»

«ሻዩስ?»

«እንዳለ ነው።»

«እንግዲያው ያችን መስመር እንደገና ልያት» ብላ ዘጋችው።