ሠላሳ ሰባት ሲባዛ በአምሳ ሦስት

ካሳሁን ጥቁር ሰሌዳው ሥር በደረቱ ተደፍቷል። ጠመኔው እንኳን ከእጁ አልወደቀም። ከኋላ ጭንቅላቱን የመታው በሩ እንዳይዘጋ የሚደገፍበት ድንጋይ ነው፤ እዚያው አጠገቡ ወድቋል።

ያኔ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው። ቡታጅራ ትምህርት ቤት ደግሞ አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሦስት ምሁራን ክረምቱን የሂሳብ ምርምር ሴሚናር ይሰጣሉ። ከሦስቱ አንዱ፣ ወጣቱ ካሳሁን፣ ይኸው ሞተ።

መርማሪው መቶ አለቃ ተካ ሲደርስ አንድ ሰው ቀድሞ ታስሮ ጠበቀው። የከተማው የሂሳብ አስተማሪ ሸረፋ ነው፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። እናቱ ወይዘሮ ከድጄ በር ላይ ቆመው ይጮኻሉ። «ልጄ ዶሮ እንኳን አያርድም! ወላሂ አያርድም!»

«ማነው ይሄን ሰው የደበደበው?» አለ ተካ።

አሥር አለቃ ሸምሶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ትናንት ሴሚናሩ ላይ ከሟቹ ጋር ተሰዳድበዋል። ወረዳ ገዥውም ዛሬውኑ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይላክ ብለዋል።»

«ስድብ ቢገድል እኔ ስንት ጊዜ በሞትኩ! ክፍሉ የገባ ሰው አለ?»

«ዘበኛው በመስኮት አይቶ ጮኸ፤ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ከእኔና ከእርስዎ በቀር ማንም አልገባም።»

ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፤ 37 × 53 = 1961። ደም ተረጭቶበታል። ተካ ተጠጋ። ስድስቱ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ሰው በጣቱ ስለጠረገው ደሙና የጠመኔው ዱቄት ተለውሰዋል። ስድስቱ የተጻፈው በዚያ ልውስ ላይ ነው።

«ሸምሶ፣ ሞቶ ነው የጻፈው?»

«ኧረ ጌታዬ!»

ተካ ሲጋራ ፓኮ ላይ አባዛ። ልክ ነው። ታዲያ በፊት የነበረው ቁጥር ምንድነው?

ጎን ወዳለው ክፍል አልፎ ሸረፋን ጠራው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ጥያቄ ጠየቅኩት፤ ሳቀብኝ። እኔም ሰደብኩት። በኋላ ቤቴ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ‹የዶክተር ገብረእግዚአብሔርን ቲዎረም የሚያፈርስ ቁጥር አግኝቻለሁ፣ ነገ ሰሌዳ ላይ ታየዋለህ› ብሎኝ ሄደ። ይሄን ለሸምሶ ብነግረው በጥፊ መለሰልኝ!»

ቀጥሎ ከሦስቱ ምሁራን ሌላው፣ ባልቻ፣ ገባ፤ የቦይና የድልድይ ሂሳብ ነው ሥራው።

«ቲዎረሙ ምንድነው? በሰው ቋንቋ ንገረኝ።»

«የዶክተር ገብረእግዚአብሔር ቀመር ነው። ከቀመሩ የሚወጣ ቁጥር ሁሉ ከራሱና ከአንድ በቀር ለምንም አይካፈልም። አንድ የሚካፈል ከተገኘ አበቃለት። በዚህ ነው ፕሮፌሰር ሊሆን ያሰበው።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ሆቴል፣ ካርታ ስጫወት። የበሉኝን ሁሉ ጠይቅ፣ ይስቁልሃል።»

በመጨረሻ ሦስተኛው ምሁር፣ ዶክተር ገብረእግዚአብሔር ራሳቸው ገቡ፤ ሽበታም፣ ኩሩ ሰው።

«ከሴሚናሩ በኋላ ወደ ክፍሉ ተመልሰዋል?»

«አልረገጥኩትም። ራሴን አሞኝ ተኛሁ።»

«ካሳሁን ቲዎረሙን ሊያፈርስብዎት ነበር ይባላል።»

ዶክተሩ ጠረጴዛውን ደበደቡት። «እሱ? ሠላሳ ሰባትን በአምሳ ሦስት ማባዛት ያቃተው ልጅ የኔን ሥራ ያፈርሳል?»

ተካ ብድግ አለ። «አመሰግናለሁ ዶክተር።»

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሁሉንም ሰሌዳው ፊት ሰበሰባቸው።

«ይሄ ስድስት ደም ላይ ነው የተጻፈው፤ ስለዚህ የጻፈው ገዳዩ ነው። ሰው ገድሎ ሂሳብ የሚያርም እንግዲህ የሂሳብ ሰው ነው። ባልቻ፣ ከዶክተሩ ቀመር ምን ይወጣል?»

ባልቻ ሰሌዳውን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ አንድ ይወጣል! ስልሳ አንዱ ግን አይወጣም። ካሳሁን የጻፈው እሱን ነው፤ ሲያባዛ አሥር ጎድሎበታል። አምሳ አንዱ የሚካፈል መስሎታል እንጂ አይካፈልም። ቲዎረሙ አልፈረሰም!»

«መታረሙ ለሸረፋ ምን ይጠቅመዋል? ላንተስ? የሚጠቅመው ለአንድ ሰው ነው። አሁን ሰሌዳው ላይ ያለው ብዜት ልክ ነው። ክፍሉን አልረገጥኩትም ያሉት ዶክተር፣ ካሳሁን ማባዛቱን እንደሳተ በምን አወቁ?»

ዶክተሩ ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

«በመስኮት ሲጽፍ አየሁት፤ እንዳበቃልኝ አሰብኩ። ስህተቱን ያየሁት... ከመታሁት በኋላ ነው። ጠዋት ሰው ሁሉ መጥቶ ስህተት ሊገለብጥ? ትቼው መሄድ አልቻልኩም።»

«አንድ ቃል!» ተካ ጮኸ፤ «አንቱ»ም ቀረ። «‹ተሳስተሃል› ብትለው ራሱ በእጅጌው ያጠፋው ነበር! ወንድማችንን ለምን ገደልከው?»

«ቲዎረሙ ግን ትክክል ነው።»

«ለእስር ቤቱ ግድግዳ አስረዳው! ሸምሶ፣ እሰረው። ሸረፋን ፍታው።»

ሸምሶ ገመዱን ፈትቶ «በል ወንድሜ፣ ወደ ቤትህ» አለው።

ሸረፋ አልተንቀሳቀሰም።

«አስረህ ያመጣኸኝ በገበያው መሃል ነው። ተማሪዎቼ አይተዋል። ባለሱቁ ሰይዶ እንኳን ምራቁን ተፍቶብኛል። በጓሮ አልሄድም።»

«ምን ላድርግልህ ታዲያ?»

«በዚያው መንገድ ትመልሰኛለህ፤ የመታኸኝም አንተ መሆንህን ትናገራለህ።»

ሸምሶ መቶ አለቃውን አየ። ተካ በሩን በጣቱ አሳየው።

ወይዘሮ ከድጄ ነጠላቸውን አጥብቀው ከፊት ቀደሙ። ገበያው ገና ሞልቷል። ሸምሶ «የመታሁት እኔ ነኝ» አለ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁህም!» አሉት ከድጄ። «ሰይዶም አልሰማም። እንደገና!»