የብዕር ስም

አንለይ በማተሚያ ቤቱ የአራሚ ወንበር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጧል። ሥራው የሌሎችን መጽሐፍ ማንበብና የሌሎችን ስሕተት ማቃናት ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ጃኬቱን ደርቦ ይወጣል፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ መስኮት ፊት ጥቂት ይቆማል፤ ከዚያ ታክሲ ይሰለፋል። በወጣትነቱ «ማኅቶት» በሚል የብዕር ስም አንዲት መጽሐፍ አሳትሞ ሰው ወዶለት ነበር። ከዚያ በኋላ ብዕሩ ነጠፈ። ስሙ እንዳይባክን ብሎ ይመስላል፣ ሴት ልጁ ስትወለድ ማኅቶት አላት። አሁን ሰባት ዓመቷ ነው፤ ወሬዋ ግን የሰባ ዓመት ባልቴት ወሬ ነው።

በሱቁ መስኮት ውስጥ፣ በቀይ የከፋይ ጨርቅ ላይ የተጋደመ ጥቁር የቀለም ብዕር አለ። ከሥሩ ያለው ካርድ «በዓለም አሥራ ሁለት ብቻ ተሠርተዋል። ይህ ሰባተኛው ነው» ይላል፤ ዋጋ ግን አልተጻፈበትም። አንለይ አምስት ወር ሙሉ ዋጋውን ያወጣል አያወጣም እያለ ከራሱ ጋር ሲከራከር ከረመ። እንዲህ ያለው ዕቃ የዓመት ደመወዙን እንደሚጠይቅ ገምቷል፤ ለብረት ቁራጭ ይህን ያህል የሚከፍል ደግሞ ሞኝ ነው ይል ነበር።

በሰኔ ወር አንድ ሰኞ ዝናቡ ገፍቶ አስገባው። ሱቁ ጨለም ያለ፣ የረጠበ ወረቀትና የአሮጌ ሙጫ ሽታ የታፈነበት ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ውሃ በቀር ድምፅ የለም። ባለሱቁ ጋሽ ንጋቱ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ከጥጉ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ጸጉሯ በደንብ የተበጠረ ሴት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝናቡን ታያለች።

«ልጄ ናት» አሉ። «ሰላም ብትላት አትመልስም፤ እንዳትቀየማት።»

አንለይ ዋጋውን ጠየቀ።

«ወስደህ ሞክረው። እስከ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተስማማህ ትመልሰዋለህ። ክዳኑ ላይ የሚቀረጽ የብዕር ስም ብቻ ንገረኝ።»

ይህን ጥያቄ ሰው ከጠየቀው ስንት ዘመኑ! አንለይ ደረቱን ነፋ አድርጎ «ማኅቶት» አለ። ሽማግሌው በቀጭን መርፌ ቀረጹት። ሴትዮዋ ፊቷን ከዝናቡ መለሰች፤ አፏን ከፈተች፤ ምንም ሳትል መልሳ ዘጋችው።

«ቀለሙስ?»

«ሞልቷል።»

ያን ዕለት ከእራት በፊት ጻፈ። ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ መፋቅ አልነበረም፤ ልጅ ጆሮ ሥር ተጠግቶ ምሥጢር ሲያንሾካሹክ የሚሰማው ዓይነት ነበር፤ ቀለሙም የተላጠ እርሳስና የወተት ሽታ ነበረው። ከውሃ ታንከሩ በስተኋላ፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ ስለምትኖር «እትዬ ዝግታ» ስለምትባል ቀንድ አውጣ ስምንት ገጽ ጻፈ። ከየት እንደመጣችለት እሱም ገረመው። ዘጠኝ ዓመት የደረቀ ሰው ነውና እንባው መጣ።

በማግስቱ ጠዋት ማኅቶት ከግቢው እየጮኸች ገባች። «አባዬ! ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር ይሄዳል!»

ወጥቶ አየ። ከታንከሩ ኋላ ቀንድ አውጣ አለች፤ አጠገቧ በጠርሙስ ክዳን ውኃና የተቆራረጠ ሰላጣ ተቀምጧል፤ ከግድግዳው ላይ በልጅ እጅ በጠመኔ «የእትዬ ዝግታ ቤት» ተብሎ ተጽፏል።

«አንቺ አይደለሽም የጻፍሽው?»

«እኔ አላውቃትም» አለች ልጅቱ፣ ከኋላው ተሸሽጋ።

ማክሰኞ በአልጋ ውስጥ ሆኖ ስለሚሰማ የዝናብ ድምፅ ጻፈ፤ ረቡዕ ጠዋት ማኅቶት ጆሮዋን ይዛ «ጣሪያውን ማነው የሚደበድበው?» አለች። ረቡዕ ወደ ትምህርት ቤት ስለሚወስድ መንገድ፣ ስለ ዳቦ ቤቱ ሙቀትና ስለ አንካሳው ውሻ ጻፈ፤ ሐሙስ እናቷ ብርቄ እጇን ይዛ ገባች፣ ፊቷ ዐመድ መስሎ።

«በየቀኑ የምትሄድበትን መንገድ ወዴት ነው አለችኝ እኮ! ሐኪሙ ምንም የላትም ይላል። አንተ ሰውዬ፣ ልጃችን ምን ነካት?»

«ብርድ ይሆናል» አለ አንለይ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሐሙስም ጻፈ፣ ዓርብም ጻፈ። ብዕሩ አንድም ቀን ቀለም አልጠየቀም። ልጅቱ ዓርብ ማታ ማንኪያውን እያገላበጠች አየችው እንጂ ምን እንደሚሉት አልጠየቀችም፤ የቤቱ ወሬ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አልቆ፣ ቤቱ ጭር አለ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብዕሩን በኪሱ አድርጎ ሱቁ ደረሰ።

«ጋሼ፣ የብዕር ስም ሲሉኝ የእኔን የጠየቁኝ መስሎኝ ነው።»

«እኔ የጠየቅሁህ የብዕሩን ስም ነው» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «በማን እንደሚጽፍ።»

«ከመለስኩትስ?»

«የወሰደው ሁሉ ይመለስላታል። የጻፍከው ደግሞ ነጭ ወረቀት ይሆናል።»

አንለይ በኪሱ ያለውን ብዕር አጥብቆ ጨበጠ። መጨበጡን ራሱም አወቀው፤ አፈረም። ቀጥሎም ማንም አባት ሊጠይቀው የማይገባውን ጠየቀ። «እርስዎስ... ዋጋውን አወጣልዎት?»

ሽማግሌው ከመደርደሪያው ጠርዙ የተበላ ወፍራም መጽሐፍ አወረዱ። ሽፋኑ ላይ የደራሲው ስም «ንጋቱ» ይላል። አንለይ ያውቀዋል፤ ሦስት ጊዜ አንብቦታል።

«እንዴት ነው?»

«ግሩም ነው» አለ አንለይ፣ ከልቡ።

«እንግዲህ!» አሉ። ከጥጉ ያለችው ሴት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ላስብበት» ብሎ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ማኅቶት መጥታ ራሷን ጭኑ ላይ ጣለች። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች ተናገረች። «አባዬ፣ ሁሉም ጠፋብኝ። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸኝ።» አፏን የፈታችው «አባ» ብላ ነበር፤ አንለይ ያን ቀን አስታወሰና አለቀሰ። እመልሰዋለሁ ብሎ ማለ። አሥር ሰዓት ላይ ተነሣ፣ ጃኬቱን ደረበ፣ በሩ ድረስም ሄደ። ሱቁ ከዚያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

በሩ ጋ ሲደርስ የመጽሐፉ የመጨረሻ መስመር መጣለት። ነጭ ከመሆኑ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሞልቶ ልየው አለ። ቁጭ ብሎ ጻፈው፤ የመጨረሻው ቃል «አባዬ» ነበር። ደስታው ከኀፍረቱ በለጠ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ቀና ሲል ልጅቱ መዝጊያው ሥር ቆማለች፤ እናቷ እንዳስተማረቻት እጇን አጣምራ፣ እንግዳ ፊት እንደሚቀርብ ጨዋ ልጅ አንገቷን ሰበር አድርጋ።

«ጋሼ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

አንለይ ሰዓቱን አየ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ገና አርባ ደቂቃ ነበረው። አዲስ ወረቀት ሳበና፣ ድምፅዋ ከጆሮው ሳይጠፋ፣ የሁለተኛ መጽሐፉን የመጀመሪያ መስመር ጻፈ፦ «ጋሼ፣ ማንን ፈልገው ነው?»