ወደ ገራዶ የሚያዘነብለው ሳህን

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ ቡዳ በላኝ፣ ጥላ ወጋኝ፣ የሞተች አክስቴ መጣችብኝ የሚል ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ ወንበር የምቀይር ሴት ነኝ፣ ጌታን ያገኘሁትም ገና በልጅነቴ ስለሆነ ከዚህ ሁሉ ኮተት ተገላግያለሁ ባይ ነበርኩ። ሥራዬም ለተረት አይመችም። ኮምቦልቻ ውስጥ ከሕንፃ የተረፈ የመስኮት መስታወት እሰበስባለሁ፣ ሁለት ቁራጭ ደራርቤ በኤሌክትሪክ ምድጃ አንድ ላይ አጣብቃለሁ፣ ከዚያ ሸክላ ቅርጽ ላይ አስቀምጬ እንደገና ሳሞቀው ይለሰልስና ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ጎድጓዳ ሳህን ይሆናል። ሲበላሽ ሁልጊዜ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሠሪው ስንፍና ነው።

ነገሩ የመጣው በአማቴ በኩል ነው። ነፍሳቸውን ይማር እንዳልል እምነቴ አይፈቅድም፣ ደግ ነበሩ እንዳልል ደግሞ ውሸት አልችልም። ባሌ ሰለሞን እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ደሴ አጠገብ ገራዶ ያለውን ባዶ ቤታቸውን መጠበቅ ሥራዬ ብሎ ያዘው፣ እሁድ እሁድ ከጸሎት መልስ ሚኒባስ ይሳፈራል፣ ደሴ ላይ ይቀይራል፣ ራሱ የቆለፈውን በር ራሱ ይከፍታል፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ይውልና ይመለሳል። ቤት ሲገባ አይበላም፣ አያወራኝም። በኋላማ "ጠቅልዬ እዚያ ልግባ መሰለኝ" አለኝ። ልግባ ነው ያለው፣ እንግባ አላለም።

የመኝታ ቤታቸው መስኮት ተሰንጥቆ ስለነበር ሰለሞን በቆርቆሮ ዘጋውና መስታወቱን አምጥቶ ሰጠኝ። እኔም ሳህን ሠርቼ ገበታችን ላይ ላስቀምጥለት አሰብኩ፣ እናቱ እዚህ ካሉለት ገራዶ ምን ሊሠራ ይሄዳል፣ ያገባሁትን ሰው ለባዶ ቤት አሳልፌ አልሰጥም።

የመጀመሪያው ሳህን ሆዱ ላይ ትልቅ አረፋ ይዞ ወጣ። ይህ የጀማሪ ስህተት ነው፣ ቅርጹ ሥር ያለችው የአየር መውጫ ቀዳዳ መስታወቱ እንዳይጣበቅ በምቀባው ቅብ ተደፍና ነበር፣ በሽቦ ከፈትኳት። የሚቀጥለው ፊቱ ላይ ጭጋግ ለበሰ፣ እሱም የእጅ ቅባት ነው፣ መስታወቱን በደንብ አጠብኩ። ሌላው ግን አንዱ ጠርዙ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ተንጋዶ ወጣ። ውሃ ልክ አስቀመጥኩ፣ ቅርጹ ቀጥ ያለ ነው። ሙቀቱን ቀስ አድርጌ ጨመርኩ፣ ያው ነው። ቅርጹን አዞርኩ፣ እመኑኝ ምድጃውን ራሱን አዞርኩት፣ ያው ወደ ደሴ መንገድ ያዘነብላል። ሌላ መስታወት ሳስገባ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ የአማቴን ሳስገባ ያዘነብላል። ሞተውም ግትር ናቸው አልኩ።

በዚያ ሰሞን የሰለሞን እህት አለሚቱ ከደሴ ልትጠይቀን መጣች፣ የተንጋደዱትን ሳህኖች አየችና ፊቷ ተለወጠ።

"እማ እኮ ሰው ስትጠራ አፍ አውጥታ አትጠራም፣ ይሄን መስኮት በቀለበቷ ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች፣ እኛ አቤት ብለን እንሮጣለን" አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አንቺ ልጅ፣ የሚጠራሽን ሳታዪ አቤት እንዳትይ" አለች።

ዲግሪ ያላት ሴት ናት እንግዲህ፣ ቢሮ ነው የምትውለው። ፊቷ ላይ ሳቅኩባት።

ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻውን ቁራጭ አስገባሁ። ከሰዓት በኋላ ምድጃው ጠፍቶ ቀስ እያለ ይበርዳል፣ ሰለሞን ሥራ ላይ ነው፣ እኔ ሰማያዊ ሽርጤን አሸርጬ ጠርሙስ እያጠብኩ ነው፣ ከምድጃው ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተሰነጠቀ ብዬ ክው አልኩ፣ ይሄኛው ከተበላሸ ሌላ የለኝም። ግን ስንጥቅ አንዴ ይጮህና ዝም ይላል፣ ይሄ ግን ያርፋል፣ ደግሞ ይጀምራል፣ ሰው እስኪመጣለት እንደሚጠብቅ። ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ፣ ብረት መስታወት ሲነካ ነው። አናደደኝ፣ በቁማቸው ያዘዙኝ አንሶ ነው? የአለሚቱን ድምፅ እያስመሰልኩ፣ እያላገጥኩ፣ "አቤት፣ መጣሁ እማማ" አልኩ። ድምፁ ቀጥ አለ። እኔም ጠርሙሴን አጥቤ ጨረስኩ፣ ወለሉን ጠረግኩ፣ እስኪመሽ ከግቢው አልወጣሁም።

እሁድ ከጸሎት ስመለስ ምድጃውን ከፈትኩ። ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ እንከን የማይወጣለት ሳህን። አለሚቱ ይሄን ባየች እያልኩ ገበታው ላይ አስቀመጥኩት።

ሰለሞን ወደ ማታ ከገራዶ ተመለሰ። ሳህኑን እንኳ ሳያይ እኔን አቀፈኝ፣ ተቀመጠ፣ በላ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ትናንት እማ ቤት መሄድሽን። ሐጂ ሙሄ ነገሩኝ። እኔ እኮ እስከ ዛሬ የምትንቂያት ይመስለኝ ነበር።" ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ሐጂ ሙሄ የአማቴ ጎረቤት ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁና ደወልኩላቸው።

"ሐጂ፣ ያዩት እኔን ነው?"

"ወላሂ አንቺን ነው ልጄ። ያን ሰማያዊ ሽርጥሽን እንዳደረግሽ፣ እጅሽ ውሃ እየተንጠባጠበ። ሰላም ብልሽ ዝም ብለሽኝ ገባሽ።"

"በሩ እኮ ቁልፍ ነው፣ ቁልፉ ያለው ሰለሞን ጋ ነው።"

"እኔም ማን ከፈተላት ብያለሁ" አሉ።

"መቼ ወጣሁ?"

"እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ደጄ ላይ ነበርኩ፣ ስትወጪስ አላየሁም። ሰለሞንም ዛሬ ሲመጣ መንገድ ላይ ዘመድ ይዞት ዘግይቶ፣ ደጄ ላይ ከኔ ጋር አውርቶ፣ ቤቱ ሳይገባ ነው የተመለሰው።"

ለሰለሞን እኔ አይደለሁም አላልኩትም። እንዴት ልበለው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ይስቃል፣ ያወራኛል፣ ጠቅልዬ ልግባ የሚለውን ነገር ትቶታል። አሁን የሚለው ሌላ ነው፣ በሚመጣው እሁድ አብረን ሄደን ቤቱን እንክፈት፣ የእማን ልብስ ለድሃ እንስጥ። እኔ ሥራ አለብኝ እያልኩ ነው። እሱ ደግሞ ግድ የለም፣ ካልተመቸሽ ብቻዬን ደርሼ እመጣለሁ ይላል፣ ብቻውን ከሄደ ደግሞ፣ እኔ እዚህ ሆኜ፣ ከውስጥ በሩን የምትከፍትለት ሚስቱ ናት።