በሽማግሌው ጀርባ ላይ የተለጠፈው

ሽማግሌው ቱሩማኪ ማክሰኞ ጠዋት አልጋቸው ላይ በድን ሆነው ተገኙ። የታኬባሩ ከተማ ደግሞ ቁርሷን ሳትጨርስ ገዳይ መርጣ ቁጭ አለች፤ አስታማሚዋን ኪኩኖን። ሌላ ማን ይሆናል? የምታጥባቸው እሷ፣ የምታለብሳቸው እሷ። ዶክተሩ ሬሳውን ገልብጦ ጀርባቸውን ሲያይ፣ ለካንሰር በሽተኛ የሚታዘዝ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ልጥፍ አገኘ። አንድ ሳይሆን አራት፤ በአንድነት ሰው የሚገድል መጠን። እንዳይነሱ ደግሞ ከላያቸው ሰፊ ኮማዶሪ ተለጥፎባቸዋል።

ኮማዶሪ የሽማግሌው ፋብሪካ የሚያመርተው፣ ወፍ የታተመበት የቁስል ፕላስተር ነው። ችግሩ ታኬባሩ ውስጥ ቁስል ላይ የሚለጠፍ ነገር ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ኮማዶሪ ነው። ይሄ ነገር ሽማግሌውን ሲያንገበግባቸው ኖረ። «የኔ ወፍ ኮማዶሪ ነው፤ የሌላው ፕላስተር ነው!» እያሉ አርባ ዓመት ተሟገቱ። ለዚህ ብቻ ሲባል የስም ጥበቃ ክፍል የሚባል ቢሮ ከፍተዋል። የቢሮው ሹም ኦኒዙካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቀይ እስክሪብቶውን መዞ ያላረመው ወረቀት የለም፤ ጋዜጣ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ ድርሰት ሳይቀር። ልጆቹም አልማሩትም። በመንገድ ሲያልፍ «ጋሼ ፕላስተር!» ብለውት እግሬ አውጪኝ ይላሉ።

ከዋናው ከተማ በባቡር የተላከችው መርማሪ ሂዙሜ ጉንፋን የያዛት፣ ቁመቷ ከጣቢያው አዛዥ ብብት የማያልፍ ሴት ናት። አዛዡ ካሺዋዴ ገና ሲያያት ሰዓቱን አየ።

«በከንቱ ደከሙ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ኪኩኖን አስራታለሁ። ሰኞ ቤቱ የነበሩት ሦስቱም ያገኘነውን የጻፍኩበትን ይሄን ገጽ ይፈርሙና አለቀ።»

«ልጥፉን ማን አይቶታል?»

«እኔና ዶክተሩ። ወዲያው ፖስታ ውስጥ አሸግነው።»

«ኪኩኖስ?»

«አስወጥተናታል። ማንም አላየም አልኩ እኮ!»

ሂዙሜ ፖስታውን ከፍታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። አፍንጫዋን ጠረገች። መልሳ አሸገችው።

«ወረቀቱን እኔ ላስፈርም» አለች።

ኪኩኖ በሽማግሌው ቤት ኩሽና ውስጥ ማንም ያልበላውን የሩዝ ገንፎ ከፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ ሰኞ ማን ማን መጣ?»

«ልጃቸው ጌታ ቴሩዮ፤ ከዚያ አቶ ኦኒዙካ። እኔ በአስራ ሁለት ሰዓት ወጣሁ። እሜቴ፣ እኔ አይደለሁም! ስድስት ዓመት ገላቸውን አጥቤ፣ ዛሬ ጠዋት አዛዡ ‹ገደለች!› እያሉ በዋናው መንገድ ጣቢያ ወስደው መለሱኝ፤ ሰላምታዬን የሚመልስልኝ ሰው ጠፋ። ከዚህ በኋላ በሽተኛውን ማን አምኖ ይሰጠኛል?»

«አንብቢና ፈርሚ።»

አንብባ ፈረመች።

ፋብሪካውን የሚመራው ልጅየው ቴሩዮ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደ ነበር።

«አባትዎን የሚጠላ ሰው ነበር?»

«እኔ» አለ ሳቅ ብሎ። ሳቁ ግን መሀል መንገድ ላይ ሞተበት። «አርብ ጋዜጣ ላይ ሊወጣ የነበረውን ማስታወቂያ ሲያነቡልኝ ግን አቀፍኳቸው።»

«የምን ማስታወቂያ?»

«ኮማዶሪ ከዛሬ ጀምሮ የሁሉም ሰው ቃል ነው፤ ማንንም አንከስም፣ ማንንም አናርምም የሚል። አባባ ደከማቸው። ‹ልጆች ጉልበታቸው ሲላጥ የኔን ወፍ ጠርተው ያለቅሳሉ፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?› አሉኝ።»

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«እኔና ኦኒዙካ። ጽሑፉን ያስጻፉት እሱን ነው።»

አነበበ፤ ፈረመ።

ኦኒዙካ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ጠበቃት።

«እናትዎ በጸደይ ማረፋቸውን ሰማሁ። ያጽናዎ።»

«በካንሰር ነው። እኔው ነበርኩ የማስታምማት።»

«የአርቡ ማስታወቂያ ይወጣል?»

«አሰርዤዋለሁ። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ጤነኛ አልነበሩም።»

«ሬሳውን አይተውታል?»

«ማን አስገብቶኝ?»

ወረቀቱን ሰጠችው። አነበበ፤ ቀይ እስክሪብቶውን መዘዘ፤ አንድ ቃል ሰረዘ፤ ከላዩ ሌላ ጻፈ፤ ፈረመ። ሂዙሜ አስነጠሰች።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም በሽማግሌው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ካሺዋዴ ካቴናውን እያንቃጨለ ኪኩኖ አጠገብ ቆመ።

«ካቴናውን ያቆዩትና ይሄን ያንብቡልን» አለችው ሂዙሜ።

«‹ጠረጴዛው ላይ አንድ ፓኬት ኮማዶሪ ነበረ። በሟቹ ጀርባ ላይ ኮማዶሪ ተለጥፎ ተገኘ።› እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ ምን ጎደለው?»

«ምንም። ኪኩኖ እንዳለ ፈረመች፤ ለከተማው ሰው ሁሉም ኮማዶሪ ነው። ጌታ ቴሩዮም እንዳለ ፈረሙ፤ እዚህ ቤት የሌላ ፋብሪካ ዕቃ ይገባል ብለው አያስቡም። አቶ ኦኒዙካ ግን አረሙት።»

«ልማዴ ነው» አለ ኦኒዙካ። «ያየሁትን ሁሉ አርማለሁ።»

«ሁሉንማ አላረሙም። የጠረጴዛውን አልነኩትም፤ ወፏ ያለችበት የእናንተ ፓኬት ስለሆነ። የጀርባውን ግን ሰርዘው ‹ፕላስተር› አሉት።» ፖስታውን ከፈተች። «ይኸው፣ ወፍ የለውም። የሌላ ፋብሪካ ነው። ሬሳውን ያላየ ሰው ይሄን በምን አወቀ?»

«ኪኩኖ ነግራው ቢሆንስ?» አለ ካሺዋዴ።

«አላየችም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ልጥፎቹ ላይ ያለው የሆስፒታል ቁጥር ደግሞ በእናታቸው ስም የወጣ ነው፤ ቅድም ደውዬ አጣራሁ። ኪኩኖ ከወጣች በኋላ ‹ጀርባዎን ልሽልዎት› አሏቸው። የገዛ ጀርባውን የሚያይ ማን አለ?»

ኦኒዙካ ቀይ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሚስቴ ‹አንተ ያገባኸው ቃል ነው› ብላኝ ሄደች። የሰው መሳቂያ ሆኜ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቅሁላቸው። እሳቸው በአንድ ከሰዓት ‹ተወው ኦኒዙካ፣ ይብረር› አሉኝ። ይብረር! የኔስ ዕድሜ?»

«ፓኬቱ እኮ አጠገብህ ነበር» አለ ቴሩዮ። «ለምን የሌላ?»

«አንስቼው ነበር። እሳቸውን በገዛ ወፋቸው? እጄ እንቢ አለኝ። ለክርክር የማዞረው የሌሎቹ ናሙና ቦርሳዬ ውስጥ ነበረና፣ በሱ አደረግሁት።»

ካቴናው ወደ ኦኒዙካ እጅ ዞረ። ኪኩኖ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«እንግዲህ ነፃ ነሽ» አላት ካሺዋዴ ጉሮሮውን እየጠረገ። «በጓሮ በር ብትወጪ ይሻላል፤ ደጅ ሰው ተሰብስቧል።»

«ጠዋት ወደ ጣቢያ ሲወስዷት በየት በኩል ነበር?» አለች ሂዙሜ።

«በ... በዋናው መንገድ።»

«እንግዲያው ዕቃዋን ይያዙላት።»

ኦኒዙካን ለፖሊሶቹ አስረክቦ፣ ካሺዋዴ ኮፍያውን አውልቆ፣ የኪኩኖን ልብስና ድስት ተሸክሞ ከኋላዋ በዋናው መንገድ ሄደ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። እሷም አልቸኮለችም። ዓሣ ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ጠዋት እዚህ ጋ ‹ገደለች› ብለው ነበር፤ አሁንስ?»

«አልገደለችም!» አለ አዛዡ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ።

ዓሣ ሻጩ ቢላዋውን እንደያዘ አቀረቀረ።

«አልሰማም መሰለኝ» አለች ኪኩኖ። «ይድገሙለት።»