ለሁሉም የደረሰው መልእክት

ችኩሊት ከተቀመጠች ጀምሮ እግሯ አላረፈም። ጠረጴዛውን ስለምትነቀንቀው አጠገቧ ያለችው ልጅ «ኧረ በናትሽ፣ ጽሑፉ ሁሉ እየዘለለብኝ ነው» ብላ ለመነቻት። ችኩሊት ይቅርታ ጠየቀች፤ ወዲያው ረሳችውና መነቅነቋን ቀጠለች።

ዛሬ የሊኑክስ ሰርቨር አስተዳደር ሥልጠናው የመጨረሻ ቀን ነው። ነገ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ሌላ ከተማ፣ አጎቷ ዘንድ ትሄዳለች። አጎቷ ሆቴል አለው፤ እንግዳ መቀበያው ላይ የሚቆምለት ሰው ይፈልጋል። እናቷ «የሥጋ ዘመድ እያለሽ ምን ያንከራትትሻል?» ብላ ነገሩን ጨርሳዋለች። ትኬቱ ተቆርጧል፣ ሻንጣው ተዘግቷል። ችኩሊት ግን መሄድ አትፈልግም። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ «አትሂጂ» ቢላት ሻንጣውን ዛሬውኑ ትፈታዋለች።

ያ ሰው ከፊት ረድፍ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ክፍሉ ያወጣለት ስም «ቆይ እስቲ» ነው፤ ትእዛዝ ጽፎ ኤንተር ከመጫኑ በፊት «ቆይ እስቲ» ይልና ከመጀመሪያው ያነበዋል። እሷን ችኩሊት ያሏትም እነሱው ናቸው። ሥልጠናው እንደተጀመረ የራሷን መልመጃ ከነፎልደሩ ሰርዛ «የት ሄደ?» ስትል ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ያን ቀን ያልሳቀው እሱ ብቻ ነበር። ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና አብሯት እንደ አዲስ ሠራው።

ከዚያ ወዲህ በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ አብረው ይቀመጣሉ። ስለ ሰርቨር ያወራሉ፣ ስለ ጨቅጫቃ አከራዩ ያወራሉ፣ ዝም ሲሉም ደስ ይላቸዋል። ዓይኑ ዓይኗ ላይ ትንሽ ይቆይና እንደ ጥፋተኛ ይሸሻል። ይወደኛል ትላለች። ታዲያ አንደበቱን ማን ያዘው?

ባለፈው ሳምንት ምን ይል እንደሆነ ለማየት ሆን ብላ የተደሰተች መስላ ነገረችው።

«አጎቴ ሥራ አገኘልኝ! ልሄድ ነው እኮ!»

ፊቱ ጨለም ሲል አይታለች። ያለው ግን «እንኳን ደስ አለሽ» ነበር።

እንኳን ደስ አለሽ! እንዲህ የሚል ሰው ጭንቅላቱን በኪቦርድ ቢሉት ማን ይፈርዳል?

በዛሬው ፈተና መነጋገር ክልክል ነው። ሁሉም ከየወንበሩ፣ ጥግ ላይ ወደሚያጓራው አንድ የጋራ ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ፣ በየስሙ ገብቶ የታዘዘውን ይሠራል። ለዛሬ ለሁሉም የአስተዳዳሪ ሥልጣን ተሰጥቷል። የመጨረሻው ሥራ የራስን የይለፍ ቃል ቀይሮ መውጣትና ተመልሶ መግባት ነው። ችኩሊት እንደ ልማዷ ቀድማ ጨረሰች። መጨረሷ ደግሞ ባሰባት። ሰዓቱን ታያለች፣ ጀርባውን ታያለች፣ መስኮቱን ታያለች፣ እንደገና ጀርባውን። ነገ ይህን ጀርባ አታየውም።

መናገር ተከለከለ እንጂ መጻፍ አልተከለከለም። «ራይት» የሚባለው ትእዛዝ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ስክሪኑ ላይ መልእክት ያደርሳል። ስሙን ጽፋ ሞከረች። ማሽኑ «ይህ ሰው አሁን አልገባም» የሚል መስመር መለሰላት። ችኩሊት ግን የማሽን መልስ እስከ መጨረሻው አንብባ አታውቅም፤ ያየችው እምቢ ማለቱን ብቻ ነው። መልእክት እንዳይረብሸው የሚፈልግ ሰው መዝጋት እንደሚችል ተምረዋል። ዘግቶብኛል አለች። ደሟ ፈላ።

የዘጋም ሰው ጋ የሚደርስ ሌላ ትእዛዝ አለ፤ «ዎል» ይሉታል። አስተዳዳሪ ሰርቨሩን ከማጥፋቱ በፊት «ሥራችሁን አስቀምጡ» ብሎ ለሁሉም የሚያውጅበት ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ለሁሉም መሆኑን ማን አስቦት! አማርኛዋን በላቲን ፊደል አንደቀደቀችው።

«ቆይ እስቲ፣ እወድሃለሁ። አትሂጂ በለኝና እቀራለሁ። ዝም ካልክ ግን ሄድኩ።»

ኤንተር።

የኪቦርዱ ድምፅ ሁሉ ባንዴ ቀጥ አለ። አንዱን ሳል ያዘው። አጠገቧ ያለችው ልጅ አፏን በእጇ ከደነች። አሠልጣኟ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አነበቡት። ችኩሊት ወደ ጎን ሰረቅ አድርጋ ስታይ የራሷ ቃል ከነስሟ በየስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል። ጠረጴዛ ሥር መግባት አማራት።

ትእዛዙን ሁሉም ተምሮታልና ስክሪኑ በመልስ ይሞላ ጀመር። «በላት እንጂ!» «ኧረ ወንድሜ ተናገር!» «አትሂጂ፣ እኛም እንወድሻለን።» አንዱማ ግርግሩን ተጠቅሞ የፈተናውን መልስ ጠየቀ።

ቆይ እስቲ ግን ዞር እንኳ አላለም። ይህም መልስ ነው አለች ችኩሊት በልቧ። ቦርሳዋን አንስታ ተነሣች።

«ወዴት ነው?» አሉ አሠልጣኟ።

«ጨርሻለሁ ቲቸር። ልሂድ።»

ያኔ ቆይ እስቲ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እኔ ተቆልፎብኛል። የይለፍ ቃሌን ቀይሬ ወጣሁ፣ ልመለስ ስል ደጋግሜ ተሳሳትኩና አላስገባም አለኝ። ዛሬ እጄም አልታዘዝ ብሎኛል።» ዙሪያውን ቃኘ። «ሰው ሁሉ ግን ምን ሆኖ ነው የሚያየኝ?»

ሳቁ ክፍሉን አናጋው። ጎረቤቱ ስክሪኑን ሊያዞርለት ሲል አሠልጣኟ «ተው!» አሉት። ከዚያ ወደ ችኩሊት ዞሩ።

«አልደረሰውም። በአፍሽ ንገሪው።»

«መናገር ክልክል ነው እኮ ቲቸር።»

«የከለከልኩት እኔ፣ የፈቀድኩትም እኔ።»

ሲጻፍ የቀለለው ነገር አፏ ላይ ከበዳት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች።

«ያን ዕለት ልሄድ ነው ስልህ ደስ ብሎኝ አልነበረም» አለችው። «ቅሪ ትለኛለህ ብዬ ነው። መሄድ አልፈልግም። እወድሃለሁ። ይኸው፣ ተናገርኩ።»

ቀስ ብሎ ተነሣ።

«እኔ ገና ሥራ ፈላጊ ነኝ» አለ። «ዘመድ ሥራ ሲሰጥሽ በየትኛው አቅሜ ቅሪ ልበልሽ? ዕድልሽን የምዘጋብሽ መሰለኝ።»

«ስለ ሥራ ማን ጠየቀህ?»

ተያዩ። ዓይኑ ዛሬ አልሸሸም።

«አትሂጂ» አላት። «እወድሻለሁ። አትሂጂብኝ።»

ጭብጨባው ሲበዛ አሠልጣኟ «ፈተናው አላለቀም እናንተ!» ብለው ተቆጡ፤ ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረበትም።

ከፈተናው በኋላ ኮሪደሩ ላይ ወደ እናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ለአጎቴ ደውዪለት። አልመጣም በይልኝ። እዚሁ በተማርኩት ሥራ እፈልጋለሁ።»

ችኩሊት ቁጣውን፣ ልመናውን ጠበቀች።

«ማን ነው ልጁ?» አለች እናቷ።

ችኩሊት ስልኩን አጠገቧ ለቆመው ለቆይ እስቲ ዘረጋችለት። እሱ ኮሌታውን አስተካከለ፤ እናቷ የምታየው ይመስል ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ደህና ዋሉ እማማ» አለ። «እኔ ነኝ።»