የአምሳላ እጅ

በዘምራ መንግሥት የቤተ መንግሥቱ ነጋሪት ማንም ሳይመታው ጮኸ። እንዲህ ሲጮህ የንጉሥ ዘር አጥንት ታሟል ማለት እንደሆነ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ጠቢቡ ኦርማ ሮጦ የልዑል ሐርዳንን የእግር መጠቅለያ ሲፈታ፣ በጦርነት የቆሰለው ቅልጥም አብጦ፣ መግል ቋጥሮ አገኘው።

የዘምራ ጦረኛ ጋሻ ሲረከብ «አመመኝ» ላይል ይምላል፤ መሐላውን ያፈረሰ ጋሻውን ይመልሳል። ሐርዳንም ከመሐላው ፍንክች ሳይል፣ ቁስሉን ራሱ እያሰረ፣ አጥንቱ ውስጥ ለውስጥ ሲመረቅዝ ዝም ብሎ ከረመ። ሰው ጀግንነት ይለዋል፤ እኔ ግን ግትርነት ከማለት አልመለስም።

ኦርማ ቁስሉን ከፍቶ መግሉን አወጣና አስታማሚዋን አምሳላን ጠራት።

«ልጄ፣ ሥሩ አልተነቀለም። በግርዶ ምንጭ ውሃ ካልታጠበ እግሩን እቆርጣለሁ። ከዘገየን ደግሞ ነፍሱንም እናጣለን።»

አምሳላ ወጣት ናት፤ ሰይፍ ጨብጣ አታውቅም። የእጇን ጀርባ ቁስል አጠገብ ስታሳርፍ ግን ሕመምተኛው የደበቃትን ትኩሳት እጇ ይነግራታል። የልዑሉን ጋሻ ጃግሬ ዘርዓምን አስከትላ ተነሣች።

የጭጋጉን በረሃ አቋርጠው፣ የሚንሾካሾኩትን ገደሎች ወጥተው ከምንጩ ደረሱ። ቅርፊቱ በረዶ የለበሰ ጥንታዊ ዘንዶ ውሃውን ከቦ ተጠምጥሟል፤ ግርዶ እሱ ነው። ዘርዓም ጦሩን ቢወረውር እንደ አገዳ ተሰበረ።

«ሁሉም ውሃዬን ይፈልጋል፤ ስለ ብርዴ የጠየቀኝ የለም!» አለ ግርዶ ምድር በሚያናውጥ ድምፅ።

አምሳላ ቀርባ እጇን ግንባሩ ላይ አሳረፈች። «አይዞህ። መቼ ጀመረህ?»

ዘንዶው ዓይኑን ጨፈነ። «የዚህን እጅ ሙቀት ስጪኝና ውሃውን ውሰጂ። ከዚያ ወዲያ ግን እጅሽ ሙቅና ቀዝቃዛ አይለይም።»

«እመቤቴ፣ ተይ! ያለዚህ እጅ እንዴት ታስታምሚያለሽ?» አለ ዘርዓም።

አምሳላ አለቀሰች። እጇን ግን አላነሳችም።

ከተመለሰች በኋላ የልዑሉን ቁስል በውሃው እያጠበች፣ እግሩን በትራስ ከፍ አድርጋ፣ መራራውን መድኃኒት በሰዓቱ እያጠጣች አስታመመችው። ትኩሳቱ ወረደ፤ ከተማው በእልልታ ተናወጠ። ሐርዳንም ይኼን ጊዜ መድኃኒቱን ገፋና ፈረስ ይጫንልኝ አለ።

«ልዑል ሆይ፣ ቆዳ ቢደርቅም አጥንት ገና ወራት ይፈልጋል» አለ ኦርማ።

«ድኛለሁ! አምሳላ፣ እስኪ ንገሪው።»

አምሳላ እንደ ልማዷ እጇን ቅልጥሙ ላይ አሳረፈች። ፊቷ ጠቆረ።

«እጅሽ ምን ይልሻል?»

«ምንም አይለኝም፣ ጌታዬ። ለውሃው የከፈልኩት እሱን ነው። ከእንግዲህ እርስዎ ካልነገሩኝ አላውቅም።»

ሐርዳን ይህን አልሰማም ነበር። እጇን ትክ ብሎ አየ። መኳንንቱ በዙሪያው ቆመዋል፤ ጋሻው ከራስጌው ተሰቅሏል። ከዚያ ወደ ዘርዓም ዞረ።

«ጋሻውን አውርድና መልስልኝ።»

መኳንንቱ አጉረመረሙ። እሱ ግን የአምሳላን እጅ ይዞ ቅልጥሙ ላይ ቀስ ብሎ ወሰደውና አንድ ቦታ ላይ አቆመው።

«እዚህ ጋ» አለ። «እዚህ ጋ አመመኝ።»

አምሳላ የምንጩን ውሃ አቀረበችና መጠቅለያውን መፍታት ጀመረች።