በመቃብሩ ስንት ነበሩ

ሻማው ላይ ጥቁር ክር ታስሯል።

ምልክቱ ትክክል ነው። ቦታውም ትክክል ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ከግራው ዓምድ ሥር፣ የመባ ዳቦ የሚደረደርበት ጠረጴዛ አጠገብ። ሻማውን የያዘው ሰው ጫማ ግን ከመጠን በላይ ተወልውሏል። እሑድም ቢሆን መርከበኛ እንዲህ ያለ ጫማ ከየት ያመጣል?

ዚኖቪያ በነጭ ጨርቅ የጠቀለለችውን ዳቦ ደረቷ ላይ ጥብቅ አደረገችው።

ዚኖቪያ እውነተኛ ስሟ አይደለም። በድብቅ የሚያሠሯት ሰዎች «ሰም» ይሏታል። ተሰሎንቄ የሚያውቃት ግን በመጥረጊያዋ ነው። ስምንት ወር ሙሉ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ወለል ስትጠርግ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ፕሮፌሰር አርጊሪስ ሲደራስ ብቻ እግራቸውን እያነሱ ይቅርታ ይጠይቋት ነበር።

ጉዱን ያመጡትም እሳቸው ናቸው። የአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሽፋን ሲጠገን፣ ጠራዦቹ ውስጡ ለድጋፍ የለጠፉት ብራና ተገኘ። የማርቆስ ወንጌል የመጨረሻ ቅጠል ነበር። ሴቶቹ ከባዶው መቃብር ሸሽተው፣ ከፍርሃት የተነሳ ለማንም ሳይናገሩ እዚያው ያልቃል። ከዚያ በታች ያለው ገጽ ባዶ ነው። ሽማግሌው ሁለት ዓመት ቁጭ ብለው አራቱን ወንጌሎች ጎን ለጎን አስተያዩ። አንዱ ሴቶቹ ተናገሩ ሲል ሌላው አልተናገሩም ይላል፤ አንዱ አንድ ሰው አዩ ሲል ሌላው ሁለት ይላል። ይህን ሁሉ ጻፉት። ሰውየው አማኝ ናቸው፣ ጾም እንኳ አይሽሩም። መንግሥት ገልብጠው ገና ዓመት ያለፋቸው መኮንኖች ግን አገሩን በክርስትና ስም ነው የያዙት፤ ጽሑፉን እንደ አገር ክህደት ቆጠሩት።

ሐሙስ ዕለት ወሰዷቸው። ብራናውንም ጽሑፉንም ግቢ ውስጥ አቃጠሉት። የቀረው ሁለቱም ፎቶ የተነሡበት አንድ ጥቅል ፊልም ነው። እሱም ይኸው ዚኖቪያ ዳቦ ውስጥ አለ፤ ዳቦው ከሥሩ ተቦርቡሮ በራሰ ፍርፋሪ ተደፍኗል። ዛሬ መርከብ ላይ ካልወጣ የሽማግሌው ልፋት ጨርሶ እንዳልነበረ ይሆናል።

የሚረከባት መርከበኛ «መቅዘፊያ» ይባላል። አይታው አታውቅም። የይለፍ ቃሉን የመረጡት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። ረቡዕ ዕለት ፈገግ እያሉ፣ ማርቆስ ከሚለው ሌላ መልስ እንዳትቀበል አስጠነቀቋት።

ባለ ሻማው ቀረባት። የሲጋራ ሽታው ቀድሞት ደረሰ።

«ዘገየሽ እህቴ።»

«ሊጡ አልነሳ ብሎኝ ነው።» ከዚያ የይለፍ ጥያቄውን ጠየቀችው። «ዛሬ ወደ መቃብሩ የሄዱት ሴቶች እሑድ ነው። በመቃብሩ ስንት ነበሩ ያገኟቸው?»

«ሁለት መላእክት» አለ ሳያመነታ። «ነጭ የለበሱ።»

ሁለት።

የማርቆስ መልስ «አንድ ጎልማሳ» ነው። ይህ ሰው የጸጥታ ሰው ነው፤ ቦታውንም፣ ክሩንም፣ ጥያቄውንም ያውቃል። ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። እሷ፣ መቅዘፊያና ሽማግሌው።

ሸጡኝ፣ አለች በልቧ። ዱላው በዛባቸውና ሸጡኝ። እንዳትፈርድባቸው እሷም የዱላውን ነገር ታውቃለች፤ ግን አንጀቷ ተቃጠለ።

ከዚያ ገባት።

አራቱን ወንጌሎች በቃላቸው የሚወጡ ሰው አንድና ሁለትን አያምታቱም። ሁለት መላእክት የዮሐንስ ነው። ፖሊሶቹ መጽሐፉን ገልጠው ቢያጣሩ እንኳ ተጽፎ ያገኙታል። ሽማግሌው ያን ሁሉ እየተደበደቡ፣ አንዲት ሐሰት ሳይናገሩ ገራፊዎቻቸውን ሸውደዋቸዋል።

ዲያቆኑ ደግሞ ቅድም ያነበበው ማርቆስን ነበር። ይህኛው እንደ ከተማው ወንዶች ሁሉ ወንጌል ሲነበብ ደጅ ቆሞ ሲያጨስ አመለጠው።

«ዳቦውን» አላት።

ዋናው በር ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ጫማቸው ያው ነው።

አልሮጠችም። ድምጿን ከፍ አደረገች።

«እትዬ ኤቭላምፒያ፣ እኚህ ሰው ሁለት መላእክት ናቸው ይላሉ። ዛሬ የተነበበው ስንት ነው?»

እትዬ ኤቭላምፒያ የዳቦው ጠረጴዛ አዛዥ ናቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሚኒስትርም ቢመጣ ዳቦውን ያለ ተራው አያስቀምጡለትም።

«አንድ ጎልማሳ ነዋ» አሉ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች እያዩ። «ወንጌል ሲነበብ የት ነበርክ ልጄ? ተወው፣ ሽታህ ነግሮኛል።»

አንዲት ወይዘሮ አባቷ ቄስ እንደነበሩ ጠቅሳ ሁለት ናቸው ብላ ተነሳች። ሌላዋ፣ መልአኩ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ነበር እንጂ ውስጥ አልነበረም አለች። ሽማግሌው ሁለት ዓመት የለፉበት ክርክር በግማሽ ደቂቃ ተቀጣጠለ። ሴቶቹ ሰውየውን ከበው እጅጌውን እየጎተቱ ፍረድ አሉት።

ከኋላዋ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ።

«አንድ ጎልማሳ። በቀኝ በኩል የተቀመጠ።»

አልዞረችም። በዓይኗ ጠርዝ ብቻ አየችው። አጭር ሰው ነው፣ እጁ ገመድ ያሻከረው። ከጨበጠው እጁ የጥቁር ክር ጫፍ ብቅ ብሏል። ሌላ ሰው ምልክቱን ይዞ ሲያይ ከሻማው ፈትቶ ደብቆታል።

የዳቦዎቹ ማኅተም አንድ ዓይነት ነው። ጨርቋን ገለጠች፤ የራሷን ዳቦ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠች፤ የእትዬ ኤቭላምፒያን አንስታ ጠቀለለች። ጥቅሉን ለባለ ሻማው ዘረጋችለት። ተቀበላት። እዚያው ሊይዛት ይችል ነበር፤ ግን አሮጊቶቹ እጅጌውን አለቀቁትም፣ በሩ ላይ ደግሞ የሚይዟት ሰዎቹ አሉ።

ጠረጴዛው ጥግ ላይ የነበረው ዳቦ በቦታው የለም። አጭሩም ሰው የለም።

አሁን መውጣት አለባት።

እጅግ ርቆ የታያት በር ሃያ እርምጃ ነው። ከዓምዱ ኋላ የቤተ ክርስቲያኑ መጥረጊያ ተደግፎ ነበር። አነሳችው፣ ጎንበስ አለች፣ ወደ በሩ መጥረግ ጀመረች። ሰዎቹ የሚጠብቁት ነጭ ጥቅል የያዘች ሴት ነው። አቧራው ጫማቸው ጋ ሲደርስ አንደኛው ሳያያት እግሩን አነሳላት።

ሽማግሌው ትዝ አሏት። እየጠረገች ወጣች።

ጥጉን ስትታጠፍ ከውስጥ ጩኸት ሰማች። ዳቦው ተቆርሷል። ያን ጊዜ ሮጠች፤ ዓሣ ገበያው መሐል እስክትጠፋ ሮጠች። እኩለ ቀን ላይ ከወደቡ የመርከብ ጡሩምባ ተሰማ።

በዘጠነኛው ቀን ጋዜጣው በአራት መስመር፣ ፕሮፌሰር ሲደራስ በልብ ድካም አረፉ አለ። «ሁለት» የምትለው ቃል ምን እንዳስከፈለቻቸው የገባት እሷ ብቻ ናት። በመኸር ጽሑፋቸው ከነብራናው ፎቶ ውጭ አገር ታተመ።

በዓመቱ፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም። ትንባሆ ትለቅማለች። በሴቶቹ እሑድ እንደማንኛዋም ሴት ዳቦ ጋግራ፣ የሚጸለይላቸውን ስም በወረቀት ጽፋ ሄደች። «ሕያዋን» ከሚለው ሥር ማንንም አልጻፈችም። «ሙታን» ከሚለው ሥር አንድ ስም ብቻ አለ፤ አርጊሪስ።

ቄሱ ወረቀቱን አዩ።

«ምንሽ ናቸው ልጄ? አባትሽ?»

ከኋላዋ ወንዶች ደጁ ላይ ሲጋራ ያጨሱ ነበር።

ለማንም ምንም አልተናገረችም። ፈርታ ነበርና።